ጋላፓጎስ፣ ዎልፍና ዳርዊን፦ ጀልባ ላይ እያደሩ ለመጥለቅ ደረጃ በደረጃ

ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዎልፍና ዳርዊን ለመሄድ ደርሻለሁ ወይ? ምን ልያዝ? እዚያስ ስደርስ ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ቆራርጬ ስመልስ ሁልጊዜ አንድ ዋና ነገር እየረሳሁ ስለምልክ፣ ይኸው ሁሉንም በአንድ ላይ ጻፍኩት።

ዎልፍና ዳርዊን የኢኳዶር ግዛት በሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ናቸው። ሰው አይኖርባቸውም። ጎብኚም መሬታቸውን አይረግጥም። ከመሀለኞቹ ደሴቶች ተነስቶ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ መጓዝ ስለሚጠይቅ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚባል ነገር የለም። የሚኬደው እየበሉ፣ እየተኙና እየጠለቁ በሚሰነብቱበት ጀልባ፣ በላይቭአቦርድ ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይግባን። እዚያ ያ ሁሉ ሻርክ የተሰበሰበው በጅረቱ ምክንያት ነው። ጅረት ስል ከላይ የሚመታውን ማዕበል ሳይሆን ከውስጥ የሚሄደውን ውሃ ማለቴ ነው። ክሮምዌል የሚባለው ቀዝቃዛ ጅረት ከምዕራብ በኩል በጥልቀት መጥቶ ከደሴቶቹ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋት የሚመገቡትን ማዕድን ከታች ይዞ ይመጣል። ትንሹ ዓሣ በዚያ ይፋፋል፣ ትልቁም ትንሹን ተከትሎ ይመጣል። ሻርኩን ያመጣው ጅረት ታዲያ እናንተንም ይወስዳል። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ከሞላ ጎደል ለዚህ መልስ ነው።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ

የአድቫንስድ ኦፕን ዎተር፣ ማለትም ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ደረጃ፣ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ጀልባዎች ቢያንስ 50 ዳይቭ (50 ጊዜ መጥለቅ) ይጠይቃሉ፤ 100 የሚሉም አሉ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ጸጥ ባለና ሞቃት ውሃ ውስጥ የተሠራ 80 ዳይቭ ለዚህ ቦታ አያዘጋጅም። ይልቅ እነዚህን አራት ነገሮች ሳትጨናነቁ መሥራት ትችሉ እንደሆነ እዩ፦

- 5 ሜትር ላይ ምንም ነገር ሳትይዙ ለ3 ደቂቃ በአንድ ቦታ መቆየት።
- መሀል ውሃ ላይ ሆናችሁ የምልክት ፊኛ ነፍታችሁ ወደ ላይ መላክ፣ ያውም ጥልቀታችሁ ከ1 ሜትር በላይ ሳይዛባ።
- አየር የሚሞላውን ጃኬታችሁን (ቢሲዲውን) ባዶ አድርጋችሁ ከጀልባ በመውደቅ፣ ላይ ሳትቆዩ በቀጥታ መውረድ።
- ቀዝቃዛ ውሃ ማስካችሁን ሲሞላው ሳትደነግጡ ማስወጣት።

አንዱ እንኳ ካስቸገራችሁ ጉዞውን አትሰርዙ። የሚቀራችሁን ወራት ለዚያ ልምምድ አውሉት። በተለይ ሁለተኛው ላይ ጊዜ አትቆጥቡ።

ሌላው የአየር ጉዳይ ነው። ሒሳቡን አንዴ አብረን እንሥራ። ላይ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍሱ ከሆነ፣ 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን 60 ሊትር ትጨርሳላችሁ። የተለመደው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11 ሊትር ገደማ ነው። በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2200 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባሩን ለመጠባበቂያ ስትተዉ 1650 ሊትር ይቀራችኋል። 1650ን ለ60 ስታካፍሉ 27 ደቂቃ ብቻ ነው። ጅረት እየታገላችሁ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዘና ብሎ መተንፈስ እዚህ ቦታ ላይ የዳይቩን ዕድሜ ማርዘሚያ ነው።

ናይትሮክስ፣ ማለትም ከተራ አየር የበለጠ ኦክስጅን ባለው ድብልቅ መጥለቅ፣ ካልተማራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ተማሩ። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ለተከታታይ ቀናት ስትጠልቁ ሰውነታችሁ ውስጥ የሚከማቸው ናይትሮጅን ነው አደጋው። 32 ከመቶ ኦክስጅን ያለው ድብልቅ ያንን ይቀንሰዋል። በምላሹ የጥልቀት ወሰን አለው፦ የኦክስጅኑ ግፊት ከ1.4 ባር እንዳያልፍ ከ33 ሜትር በታች አትውረዱበት።

2. ወቅቱን ምረጡ

ከጁን እስከ ኖቬምበር፣ በእኛ ከሰኔ እስከ ኅዳር መሆኑ ነው፣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ባሕሩም ሸካራ ነው። ዌል ሻርክ የሚታየው ግን ያኔ ነው። ከዓሣ ሁሉ ትልቁን ዓሣ ማየት ከሆነ ምኞታችሁ፣ ብርዱን ተቀብላችሁ በዚህ ወቅት ሂዱ። ከዲሴምበር እስከ ሜይ ውሃው ይሞቃል፣ ባሕሩ ይረጋጋል፤ ሐመርሄድ፣ ማለትም ራሱ እንደ መዶሻ ጠፍጣፋ የሆነው ሻርክ፣ በመንጋ ይገኛል። ማንታ ሬይ የሚባለው ክንፋም ጠፍጣፋ ዓሣም አይጠፋም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድና ለባሕር ሕመም የሚጋለጥ ሰው ሁለተኛውን ወቅት ቢመርጥ ይሻለዋል እላለሁ።

በየትኛውም ወቅት ብትሄዱ ጉዞው ብዙውን ጊዜ የኢሳቤላ ደሴትን ምዕራባዊ ዳርቻ ይጨምራል። ፑንታ ቪሴንቴ ሮካ ላይ ሞላ ሞላ የሚባለውን ግዙፍ ክብ ዓሣ ለማየት ሲወረድ ውሃው በድንገት ወደ 16 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ልብሳችሁን የምትመርጡት ለዚያ ዳይቭ ነው።

3. ቦታ ስትይዙ እነዚህን ጠይቁ

ጀልባዎቹ ብዙውን ጊዜ 16 ተሳፋሪ ይይዛሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ አስመጡ፦ ዎልፍና ዳርዊን ላይ ስንት ቀን፣ ስንት ዳይቭ አለ? «ሰሜናዊ ደሴቶች» የሚል ማስታወቂያ እያለ እዚያ አንድ ቀን ተኩል ብቻ የሚቆይ ጉዞ ሊኖር ይችላል። ለየጠላቂው የጂፒኤስ ማሠራጫ ይሰጣሉ? ለሁሉም የሚበቃ ኦክስጅን አላቸው? ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የጠላቂዎች ጀልባ ሌሊት ተቃጥሎ፣ ከታች ተኝተው የነበሩ 34 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ያለ ሐፍረት ጠይቁ።

የዳይቪንግ አደጋን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ግዙ። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ይህን አያካትትም፣ ቢያካትትም በጥልቀት ይገድበዋል። ለዲኮምፕሬሽን ሕመም (የተከማቸው ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሆን ለሚመጣው) የሚያስፈልገው የግፊት ክፍል የሚገኘው ሳንታ ክሩዝ ደሴት ላይ፣ ፑዌርቶ አዮራ ነው። ከዳርዊን እስከዚያ ያለውን የባሕር መንገድ አስቡት።

ኢኳዶር የምትጠቀመው በአሜሪካ ዶላር ነው። ለውጭ አገር ጎልማሳ ጎብኚ የፓርኩ መግቢያ ከኦገስት 2024 ጀምሮ 200 ዶላር ሆኗል። ከዚያ በተጨማሪ ከመብረራችሁ በፊት 20 ዶላር ከፍላችሁ የመሸጋገሪያ ካርድ ታወጣላችሁ። ሁለቱንም በጥሬ ገንዘብ፣ ንጹሕ ኖት ይዛችሁ ሂዱ። ጀልባው ላይ ባንክ የለም።

4. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 7 ሚሊ ሜትር ዌትሱት (የመጥለቂያ ልብስ) ከራስ መሸፈኛ ጋር። በቀን አራት ጊዜ ስትጠልቁ ብርዱ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ይበቃኛል» ያላችሁት 5 ሚሊ ሜትር በአራተኛው ቀን አያሞቃችሁም። የበረደው ሰው ደግሞ አየር ቶሎ ይጨርሳል።
- ወፍራም ጓንት። ጅረቱ እንዳይወስዳችሁ ድንጋይ የምትይዙት በእጃችሁ ነው። ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ባርናክል የሚባል ቅርፊታም የባሕር እንስሳ እንደ ተሰበረ ሸክላ ስለት አለው።
- ሁለት ማስክ። አንዱ ቢሰበር የሚገዛበት ቦታ የለም።
- የራሳችሁ ዳይቭ ኮምፒውተር። ከሌላ ሰው ጋር መጋራት አይቻልም። የእናንተን ጥልቀትና ጊዜ የሚያውቀው በእናንተ እጅ ላይ ያለው ብቻ ነው።
- የምልክት ፊኛ። ርዝመቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ቀለሙ ብርቱካን ወይም ቢጫ፣ ከነጥቅል ገመዱ።
- ፊሽካ፣ ትንሽ መስታወትና የእጅ መብራት። ጃኬታችሁ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑሩ።
- መለዋወጫ፦ የማስክና የፊን (የእግር መዋኛ) ማሰሪያ፣ ኦ-ሪንግ (የጎማ ቀለበት)፣ የሬጉሌተር (የመተንፈሻው) አፍ መያዣ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ።
- መድኃኒት፦ የባሕር ሕመም ክኒን፣ የጆሮ ጠብታ፣ የሚበጠበጥ ጨው። ክኒኑን መሬት ላይ እያላችሁ አንድ ቀን ሞክሩት። አንዳንዱ ያስተኛል፣ አንዳንዱ ዓይን ያደበዝዛል፤ ይህን የምታውቁበት ቦታ ባሕር ውስጥ መሆን የለበትም።

ሬጉሌተር፣ ኮምፒውተር፣ አንድ ማስክና መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይግቡ። ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ ጀልባው አይጠብቀውም። ቀሪውን ዕቃ ከጀልባው ላይ መከራየት ይቻላል፣ በፊታችሁ ልክ የሆነ ማስክ ግን አይከራይም።

ከመሸከፋችሁ በፊት ሁሉንም ዕቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በደንብም አድርቁ። ቡት ውስጥ የቀረ አሸዋ፣ ዌትሱት ላይ የደረቀ የባሕር ሣር እንዳይኖር። ወደ ጋላፓጎስ ከመብረራችሁ በፊት ኪቶ ወይም ጓያኪል አየር ማረፊያ ሻንጣችሁ ይፈተሻል። ትኩስ ፍራፍሬና ዘር አይገባም። ከሌላ ባሕር የመጣ አንድ ፍጥረት እዚያ ከተራባ መልሶ ማጥፋት ስለማይቻል ነው።

5. ጀልባው ላይ የመጀመሪያው ሰዓት

ሻንጣችሁን አስቀምጡና ከክፍላችሁ የሚያስወጡትን መንገዶች በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ሁለት መውጫ መኖር አለበት። ሁለተኛው በጣሪያ በኩል ከሆነ ክፈቱት፣ እንዴት እንደሚገፋ ሞክሩ። ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ታገኙታላችሁ? ላይፍ ጃኬቱስ የት ነው?

የካሜራና የመብራት ባትሪ ማታ ክፍላችሁ ውስጥ ሰክታችሁ አትተኙ። ሰው በሚያየው ቦታ፣ ቀን ቀን ብቻ ሙሉት።

ከዚያ ዕቃችሁን መጥለቂያው ደርብ ላይ ሲሊንደር ላይ ትገጥማላችሁ። አንዴ ከተገጠመ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ይቆያል። ሠራተኞቹ እዚያው እንዳለ ይሞሉታል። ምቾት ነው፣ ግን አንድ አደጋ አለው፦ ሰው ማረጋገጥ ይተዋል። ከእያንዳንዱ ዳይቭ በፊት ቫልቩ መከፈቱን፣ መለኪያው ስንት እንደሚል፣ የናይትሮክሱን መቶኛ ራሳችሁ ለኩ። ሌላ ሰው ለክቶ ቢነግራችሁ እንኳ በዓይናችሁ እዩት። ሁለት ትንፋሽ ስባችሁም የግፊት መለኪያውን ተመልከቱ። መርፌው ከተወዛወዘ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ማለት ነው።

6. የሙከራው ዳይቭ

የመጀመሪያው ዳይቭ ዳርቻ ላይ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ነው። ብዙ ሰው እንደ ግዴታ ቆጥሮ ያልፈዋል። እናንተ ለመውረድ የምትታጠቁት ክብደት ስንት መሆን እንዳለበት ለመለካት ተጠቀሙበት። በዳይቩ መጨረሻ፣ ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀረው፣ ጃኬቱን ባዶ አድርጋችሁ 5 ሜትር ላይ ቆዩ። ወደ ላይ የሚስባችሁ ከሆነ ክብደት ይጨመር። በሙሉ ሲሊንደር የተለካ ክብደት ያታልላል። የአሉሚኒየም ሲሊንደር አየሩ ሲያልቅ 2 ኪሎ ገደማ ይቀልላልና።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ኪሎ ተጨማሪ መያዝ ይጠቅማል። ሌላ ቦታ ላይ ጥፋት ነው ብዬ እነግራችሁ ነበር። ዎልፍና ዳርዊን ላይ ግን ድንጋይ ይዛችሁ ጅረት ውስጥ ስትቆዩ፣ ቀለል ያለ ሰው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል።

ካሜራችሁን ለዚህ ዳይቭ ደርብ ላይ ተዉት። ለሚቀጥለውም ተዉት።

7. ከፓንጋው መግባት

ከትልቁ ጀልባ ወደ መጥለቂያው ቦታ የሚወስዳችሁ ፓንጋ የሚባለው ትንሽ ጎማ ጀልባ ነው። ጋይዱ ሦስት ይቆጥራል፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ በጀርባችሁ ትወድቃላችሁ። ጃኬቱ ባዶ፣ ማስኩና ሬጉሌተሩ በእጅ የተያዘ፣ የጆሮ ግፊት አስቀድሞ የተስተካከለ ይሁን። ከወደቃችሁ በኋላ ወዲያው ውረዱ።

ይህን ያህል ጥድፊያ ለምን? ላይ ላይ አንድ ደቂቃ ማስክ ስታስተካክሉ ጅረቱ ከቡድኑ 30 እና 40 ሜትር ሊያርቃችሁ ይችላል። ከዚያ በኋላ ተቃራኒ እየዋኛችሁ ለመድረስ አየራችሁን ግማሽ ትጨርሳላችሁ። ማስካችሁን አስቀድማችሁ ፓንጋው ላይ አስተካክሉ። አንድ ነገር ካልተመቻችሁ ከመቆጠሩ በፊት እጃችሁን አንሱ። ጋይዱ ይጠብቃችኋል።

8. ድንጋዩ ላይ፦ መያዝና ዝም ማለት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ደስታውም ያለው እዚሁ ነው።

ወደ 15 ወይም 20 ሜትር ትወርዳላችሁ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተደርምሶ የተቆለለበት ቁልቁለት ታገኛላችሁ። ጋይዱ የሚመርጠው ቦታ ላይ ከድንጋይ ኋላ ዝቅ በሉ። ሌላ ሕይወት የሌለበትን፣ ባርናክል ብቻ ያለበትን ጠርዝ በሁለት እጃችሁ ያዙ። ከመያዛችሁ በፊት ግን በደንብ እዩ። ስኮርፒዮን ፊሽ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፣ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ መርዛም ነው። ቀዳዳ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ሞሬይ የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ቤት ነው።

አሁን አትንቀሳቀሱ። ሐመርሄድ ትልቅና አስፈሪ ቢመስልም ዓይን አፋር ነው። ወደዚህ ጠርዝ የሚመጣው ሊጸዳ ነው። ባርበርፊሽና ኪንግ ኤንጅልፊሽ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ቆዳው ላይ ያለውን ተባይ ይለቅሙለታል። ከተባረረ ግን ሳይጸዳ ይሄዳል።

ዳርዊን ላይ አንድ ጠዋት 18 ሜትር ላይ እንዲህ ተጣብቄ ነበር። አንዲት ሐመርሄድ ከሰማያዊው፣ ከክፍት ውሃው፣ ወጣች። ከእኔ አምስት ሜትር ያህል ራቅ ብላ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ወደ ጎን ዘመም አለች፣ ነጭ ሆዷ ታየኝ። ቢጫዎቹ ባርበርፊሽ ከድንጋዩ ተነስተው ከበቧት። ከራሷ ጫፍ ላይ ያለው ዓይኗ ሲዞር አየሁት። ያን ጊዜ ይዤው የነበረውን አየር በአንዴ ለቀቅኩት። አረፋው ተንደቅድቆ ሲወጣ ጅራቷን አንዴ መታችና ጠፋች። ባርበርፊሾቹ ባዶ ውሃ ውስጥ ቀሩ።

ከዚያ የተማርኩት ይህን ነው፦ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁም በትንሽ በትንሹ አውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ አረፋው እንዳያባርራት ብላችሁ ትንፋሽ አትያዙ። ማዕበሉ ሁለት ሜትር ወደ ላይ ቢያነሳችሁ ሳንባችሁ ውስጥ የታፈነው አየር ይሰፋል። ሳንባ ሊቀድድ ይችላል። ሁልጊዜ መተንፈስ፣ በዝግታ።

9. ወደ ሰማያዊው መልቀቅ

ጋይዱ ሲሊንደሩን እያንኳኳ ወደ ውጭ ከጠቆመ ዌል ሻርክ መጥቷል ማለት ነው። እሱ ሲለቅ ብቻ ልቀቁ። ከለቀቃችሁ በኋላ ወደ ድንጋዩ መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ዳይቩ የሚያልቀው ሰማያዊው ውስጥ እየተንሳፈፋችሁ ነው። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት አየራችሁን እዩ። 100 ባር ካልሞላ ማሳደድ አይታሰብም።

ወደ ጎኑ ሂዱ፣ ከፊቱ አትቁረጡ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ። አትንኩት። ወደ ጅራቱ አትጠጉ። ዌል ሻርክ ዝም ብሎ የሚሄድ ይመስላል እንጂ ሰው ተሯሩጦ አይደርስበትም። ለሁለት ደቂቃ ከልባችሁ ከዋኛችሁ መተንፈሻችሁ ይጣደፋል፣ ራስ ምታት ይጀምራል፣ ሳታውቁት 30 ሜትር ትወርዳላችሁ። ካለፈ ይለፍ። ጠርዙን ይዘው ዝም ያሉት ብዙውን ጊዜ ከሯጮቹ የበለጠ ያያሉ።

በየ30 ሴኮንዱ ኮምፒውተሩን ተመልከቱ። ሰማያዊው ውስጥ ወለልም ግድግዳም ስለሌለ ዓይን ጥልቀትን አያውቅም።

ማስጠንቀቂያ፣ ወደ ታች የሚስብ ጅረት፦ አረፋችሁ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ በአጠገባችሁ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ከሄደ ጅረቱ እየሳባችሁ ነው። ድንጋይ አጠገባችሁ ካለ ያዙና እየቧጠጣችሁ ውጡ። ከሌለ ወደ ላይ ቀጥ ብላችሁ አትታገሉ። ከግድግዳው ወደ ውጭ፣ አግድም ዋኙ፣ ጃኬቱ ላይ ጥቂት አየር ጨምሩ። ይህ ዓይነት ጅረት ስፋቱ ጠባብ ነው፣ በጎን ይወጣል። እንደወጣችሁ የጨመራችሁትን አየር ወዲያው ልቀቁ። ካልሆነ ተስፈንጥራችሁ ትወጣላችሁ።

10. ፊኛውን መላክና መውጣት

ከጓደኛችሁ ከተለያያችሁ ለ1 ደቂቃ ፈልጉ። ካላገኛችሁ መውጣት ጀምሩ። እሱም እንዲሁ ያደርጋል፣ ላይ ትገናኛላችሁ። «ትንሽ ልጠብቀው» ማለት ሁለታችሁንም ያራርቃል።

ሀ. 10 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ ፊኛውን ዘርጉ፣ ገመዱ ጃኬታችሁ ላይ ወይም ሬጉሌተራችሁ ላይ አለመጠላለፉን እዩ።
ለ. ጥቅሉን ከራሳችሁ ጋር በፍጹም አትሰሩት። ቢጠላለፍ ይዟችሁ ይወጣል። በእጅ ብቻ ያዙት።
ሐ. ጥቂት አየር ስጡት። እስከ ላይ ሲደርስ አየሩ ስለሚሰፋ ግማሹ ይበቃል።
መ. ልቀቁት፣ ገመዱ ይሽከርከር። ላይ ሲደርስ ገመዱ ይላላል፣ ያኔ ወጠር አድርጋችሁ ያዙት። ካልተወጠረ ፊኛው ይተኛል፣ አይታይም።
ሠ. 5 ሜትር ላይ ቢያንስ 3 ደቂቃ ቆዩ። ናይትሮጅኑ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

አንድ ጊዜ ፓንጋ ላይ ቆሜ የጠፋ ጠላቂ ፈልጌያለሁ። ማዕበሉ ሁለት ሜትር ነበር። ጥቁር ኮፍያ ያደረገ የሰው ራስ ለአንድ ሴኮንድ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ማዕበሉ ይውጠዋል፣ ደግማችሁ ስታዩ ቦታው ጠፍቷል። በመጨረሻ ያገኘነው የቆመ ብርቱካናማ ፊኛ ከሩቅ አይተን ነው። ስለዚህ ፊኛ ከሌለው ጠላቂ ጋር አብሬ ውሃ አልገባም።

11. በዳይቭና በዳይቭ መሀል

ጆሮን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁ። በቀን አራት ጊዜ እርጥብ የሚሆን ጆሮ በሦስተኛው ቀን ይቆጣል፣ ከዚያ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ውሃ ጠጡ። ውሃ ያጠረው ሰው ለዲኮምፕሬሽን ሕመም ይጋለጣል። ጉንፋን ከያዛችሁ አትጥለቁ። መድኃኒት ወስዳችሁ መውረድ ትችሉ ይሆናል፣ ኃይሉ ታች ሳላችሁ ካለቀ ግን ጆሯችሁ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የቆዳ መቅላት፣ ከተለመደው በላይ ድካም ከተሰማችሁ ወዲያው ለጋይዱ ንገሩ። ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣችኋል። «ዌትሱቱ አጥብቆኝ ነው» እያሉ እስከ ማታ መደበቅ ነው ጉዳቱን የሚያብሰው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ቀን በቀን ሁሉንም ዳይቭ ለመጥለቅ መሞከር። በአምስተኛው ቀን ሦስተኛውን ዳይቭ መዝለል ብልህነት ነው። ድካም ውሳኔን ያበላሻል።
- ካሜራ እያዩ ኮምፒውተር አለማየት። እጅ የሚይዘው ሁለት ነገር ነው። ድንጋይና ካሜራ ከያዘ ፊኛውን ማን ይልካል?
- 50 ባር ላይ ሲደርሱ መውጣት መጀመር። እዚህ 70 ላይ ጀምሩ። ላይ ላይ ማዕበል ውስጥ ፓንጋ ስትጠብቁ በሬጉሌተር መተንፈስ ሊኖርባችሁ ይችላል።
- ላይ ከወጡ በኋላ ማስክና ሬጉሌተር ቶሎ ማውለቅ። ፓንጋው ላይ እስክትወጡ ድረስ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ይሁኑ።
- ሪፍ ሁክ (ድንጋይ ላይ የሚሰካ ባለ ገመድ መንጠቆ) ይዞ መጥቶ ጋይዱን ሳይጠይቁ መጠቀም። እዚህ ጓንት ይበቃል።

12. የመጨረሻው ቀን

ብዙ ዳይቭ ከሠራችሁ በኋላ ለመብረር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ያደርጉታል፣ እናንተም እሱን ያዙ። በተለይ የምትሄዱት ኪቶ ከሆነ። ኪቶ 2850 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ከአውሮፕላን ከወረዳችሁ በኋላም ሰውነታችሁ የአየር ግፊቱ ባነሰበት ከፍታ ነው የሚያድረው።

ዕቃውን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉ። ሬጉሌተሩን ስትዘፈዝፉ የአቧራ መከላከያው መዘጋቱን እዩ። ውሃ ከገባ ውስጡ ይዝጋል። ዌትሱቱ ለመድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ስለሚፈልግ መጀመሪያ እሱን አስጡ። ጓንቱን ገልብጡት፣ ከውስጥ ነው የሚሸተው። ፊኛውን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ቀዳዳ ካለው ፈልጉ፣ ገመዱንም ከመጨረሻው ጀምራችሁ እንደ አዲስ ጠቅልሉት።